ያውቁ ኖሯል? መላጊያና ዘመዶቹ

ፋርሶች የአናጺን መላጊያ «ራንዴ» ብለው እንደሚጠሩት ያውቁ ኖሯል? ቃሉ የወጣው «ራንዲዳን» ከሚል ግስ ነው፤ መፋቅ፣ መላግ ማለት ነው። ወጥ ቤት ሲገባም ያው ራንዴ የካሮት መፈቅፈቂያ ይሆናል።

ቱርኮች «ሬንዴ» አሉት፤ በኦቶማን ዘመን ደግሞ ባልካን አሻገሩት። ሮማንያዊ አናጺ «ሪንዴያ» ሲል ሳንቃ ሊልግ ነው። ሰርቢያዊት እናት «ሬንዴውን አቀብለኝ» ካለች ግን ልጇ ወደ ማዕድ ቤት ይሂድ!

ህንድም ጆርጂያም «ራንዳ» ይላሉ። ስዋሂሊም እንዲሁ። ይህ አያስደንቅም፤ ስዋሂሊ የሚነገርባት የ«ዛንዚባር» ስም ራሱ ከፋርስ የመጣ ነው።

ወደ እኛስ? ሻይ፣ ካኪና ፒጃማ የሚሉት ቃላት በፋርስ አልፈው፣ በዓረብ በህንድ ዞረው ደርሰውናል። ራንዳ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ላገ» የሚል ግስ ስላለን መላጊያ ለማለት ማንንም አላስቸገርንም። ከመጋዝ ሥር የሚረግፈው ብናኝ ግን ሰጋቱራ ነው፤ ጣሊያንኛ። የሲሚንቶው ወለል ሊሾም ከዚያው ነው፤ «ለስላሳ» ማለት ነው።

ዋንዛ ሲላግ አይተዋል? ምላጩ ከመላጊያው ሆድ የፀጉር ያህል ብቻ ብቅ ይላል። ከዚያ ካለፈ ይነክሳል፤ እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ ካልተገፋም ሳንቃውን ይቦጭቀዋል። በደንብ ሲሄድ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ይወጣል።

የጣና ታንኳ ግን መላጊያ ሳይነካው ነው የሚሠራው። ደረቅ ደንገል ተነባብሮ ይታሰራል፤ የሚላግ ሳንቃ የለውም። ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ መልስ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ ያስመቱታል።

መላጊያ ዕድሜው ስንት ነው? በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው ፖምፔ የሮማውያን መላጊያ ተቆፍሮ ወጥቷል። ጃፓኖች ደግሞ እኛ የምንገፋውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ለጀማሪ የትኛው እንደሚቀል አናጺዎች ይከራከሩበት።

ዓረቦች ግን ፋርስ ጎረቤታቸው ሆኖ ሳለ መላጊያውን «ፋአራ» አሉት፤ አይጥ ማለት ነው። የኮምፒውተር ማውስም በዓረብኛ ፋአራ ነው። ስለዚህ ካይሮ ውስጥ አናጺውም ጸሐፊዋም ቀኑን ሙሉ አይጥ ሲገፉ ይውላሉ።