ከምድር በታች ያለ ሀብት

የኢንካው ንጉሥ አታዋልፓ በስፔናውያን ተማርኮ ክፍል ሙሉ ወርቅ ቤዛ ቢከፍልም፣ እ.ኤ.አ. በ1533 ተገደለ። የቀረው ወርቅ በፔሩዋ ኩስኮ ከተማ ሥር በሚያልፍ ዋሻ ተደብቋል የሚል አፈ ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በእኛ አካባቢ ያለው የምድር ውስጥ ሀብት ግን በዓይን የሚታይ ነው። ከኦቦ ተነሥታችሁ፣ ድንበሩን ተሻግራችሁ ወደ ያቤሎ ስትጓዙ፣ ዱብሉቅ ላይ የቦረና አባቶች አለት ፈልፍለው የቆፈሯቸውን የቱላ ጉድጓዶች ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ዘፈኑ የሁሉንም እጅ እኩል ያስኬዳል። ውኃው ገንዳ ውስጥ ይፈሳል፤ ከብቱም በተራው ይጠጣል። ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ይባላል።

ወርቅ የሚደበቀው ሌላው እንዳያገኘው ነው፤ ቱላ የተቆፈረው ግን ሁሉም በተራው እንዲጠጣ ነው። ደለሉ በየጊዜው ካልተጠረገ ጉድጓዱ ይደፈናል። ዕውቀቱም እንደዚሁ ነው፤ ጠያቂ ካጣ ከአዛውንቶች ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ልጆች፣ በዕረፍት ጊዜያችሁ አያቶቻችሁን ስለ ቱላ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉ። ወላጆችም የምታውቁትን አትንፈጓቸው።