«ሜጋውን ጨምሩልን»፦ ስለ ድርጅት የቪዲዮ ስብሰባ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

የቪዲዮ ስብሰባ ሲቆራረጥ ወቃሽ አይታጣም፤ የሚታጣው ኃላፊ ነው። ኢንተርኔቱን ያስገባው «የእኛ መስመር ደህና ነው» ይላል፣ ሶፍትዌሩን የሸጠው መስመሩን ይጠረጥራል፣ የአይቲ ክፍሉ ደግሞ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ቅርንጫፍ የበዛባቸው ኩባንያዎች፣ ባንኮችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከዚህ ንትርክ ለመውጣት ስብሰባውን ከነመንገዱ ለአንድ አቅራቢ በወርሃዊ ክፍያ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። መስመሩን፣ ተሰብሳቢዎችን የሚያገናኘውን ሰርቨር፣ የአዳራሹን ካሜራና ማይክ፣ ችግር ሲኖር የሚደወልበትን ዴስክ ጭምር አቅራቢው ይይዛል። በሙያው ሰዎች አፍ «ማኔጅድ ሰርቪስ» የሚባለው ይኸው ነው። ዙሪያውን ያሉት ተረቶች ግን ገንዘብ ያስወጣሉ።

ተረት፦ «ሜጋው ከተጨመረ ይስተካከላል»

ከሁሉ የሚዘወተረው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚያስከስረውም። ጥርት ያለ የቡድን ቪዲዮ ለአንድ ተሳታፊ የሚፈልገው ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ያህል ነው። 50 ሜጋ የሚከፍል ቢሮ አንድ ስብሰባ ማካሄድ ሲያቅተው ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የመጠን አይደለም።

የኢሜይል ፓኬት መንገድ ላይ ቢጠፋ እንደገና ይላካል፤ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ልብ የሚለው የለም። ንግግር ግን ይህን አይታገሥም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ድምፅ ከተናጋሪው አፍ እስከ ሰሚው ጆሮ በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቢደርስ አብዛኛው ውይይት ሳይደናቀፍ እንደሚሄድ ያስቀምጣል። መዘግየቱ ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ሰዎች እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ «ይቅርታ፣ ይቀጥሉ»፣ «አይ፣ እርስዎ ይቀጥሉ» ይበዛል።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቦሌ፣ መርካቶና ሐዋሳ ያሉ ሦስት ቅርንጫፎች በአንድ መተግበሪያ ተሰብስበው ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ ከቦሌ የተነገረ ቃል መርካቶ ለመድረስ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ መልስ ይሄዳል። ይህ ብቻውን 50 ሚሊሰከንድ በላ። የገመዱ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በየራውተሩ ያለው ወረፋ፣ ቪዲዮውን የመጭመቅና የመፍታት ሥራ ሲታከልበት 150ው ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። ሳተላይት ከሆነማ ይብሳል፦ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠው የጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት ጋ ወጥቶ መውረድ ብቻ 240 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የሩቅ ወረዳዎችን በሳተላይት ዲሽ ያገናኘው፣ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ ይህን መዘግየት መሸከም ግድ ነበረበት፤ የቱንም ያህል ሜጋ ቢጨመር አያሳጥረውም።

የሚተዳደር ኔትወርክ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር የድምፅ ፓኬቶች 46፣ የቪዲዮ ፓኬቶች 34 የሚል የቅድሚያ ምልክት ይለጠፍባቸዋል፤ ራውተሩም ከፋይል ማውረጃውና ከባክአፑ በፊት ያሳልፋቸዋል። ችግሩ ምልክቱ የሚከበረው በአንድ አስተዳዳሪ እጅ ባለ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ክፍት ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይፋቃል ወይም ችላ ይባላል፤ ማንም መንገድ የማይለቅለት የአምቡላንስ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለፍጥነት ሳይሆን ምልክቱ ከዳር እስከ ዳር እንዲከበርለት ነው። የሰርቨሩን ቦታም አብሮ ይጠይቅ።

ተረት፦ «ዋናው ወጪ ካሜራውና ስክሪኑ ነው»

ኤችፒ ከድሪምወርክስ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው «ሄይሎ» የተባለ የስብሰባ ክፍል በጅማሬው ወደ 550,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሰው የሚያወራው ይህን ቁጥር ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፦ ለአንድ ክፍል በየወሩ ወደ 18,000 ዶላር። ክፍያው ኤችፒ ለዚሁ ሥራ ብቻ ለዘረጋው ኔትወርክና ቀን ከሌሊት ለሚከታተሉት ባለሙያዎች ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ወርሃዊው ሂሳብ የክፍሉን ዋጋ ያልፋል። ኩባንያው ንግዱን እ.ኤ.አ. በ2011 ለፖሊኮም ሸጠ፤ ዕቃው እያደር ረከሰ፣ መንገዱን የመጠበቅ ሥራ ግን አብሮት አልረከሰም።

ተረት፦ «ውል ከፈረምን ኃላፊነቱ ከእኛ ወጣ»

ውሉ ላይ «99.9 በመቶ» የሚለው ቁጥር ሲነበብ ፍጹም ይመስላል። በ30 ቀን ወር ውስጥ ግን 43 ደቂቃ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ ያ 43 ደቂቃ የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ቢውል አቅራቢው ውሉን አላፈረሰም። ከዚህም የሚብስ አለ። ብዙ ውሎች የሚቆጥሩት መስመሩ ጨርሶ የሞተበትን ጊዜ ነው። መስመሩ «እየሠራ»፣ ድምፁ ግን እየተቆራረጠ ሁለት ሰዓት ቢያልፍ በሪፖርቱ ላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ የመዘግየት፣ የመዘግየት መዋዠቅና የፓኬት መጥፋት ጣሪያ በቁጥር ያልተጻፈበት ውል ለቪዲዮ ስብሰባ የተጻፈ ውል አይደለም። ካሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚቀጥለው ሂሳብ ላይ የሚቀነስ ጥቂት ገንዘብ ነው። የተበላሸውን ስብሰባ የሚመልስ የለም።

የአቅራቢው ድንበር የት ላይ እንደሚያበቃም መታየት አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው እሱ ራሱ ካስቀመጠው ራውተር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው አሮጌ ስዊች፣ ከሦስት ግድግዳ ጀርባ ያለ ዋይፋይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ስዊቹን የሚያቆይ ዩፒኤስ አለመኖሩ የገዢው ጣጣ ነው። ውሉ የአዳራሹን ማይክ ያካትታል ቢባልም፣ ማይኩ የተሰካበት የግድግዳ ሶኬት የማን እንደሆነ ጠይቆ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «የግል መስመር ስለሆነ ማንም አያዳምጠንም»

ኦፕሬተሮች የሚሸጡት፣ ኤምፒኤልኤስ የተባለው የግል መስመር የአንዱን ደንበኛ ትራፊክ ከሌላው ይለያል እንጂ በራሱ አያመሰጥርም። ምስጠራ ቢኖር እንኳ፣ የተለያዩ ዕቃዎችን ለማገናኘት ምስሉን እንደገና የሚቀይር መካከለኛ ሰርቨር ምስጢሩን መፍታት ግድ ይለዋል። ቁልፉን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ተራ አይደለም፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ከዙም ጋር ስምምነት ላይ የደረሰው፣ ኩባንያው ከዳር እስከ ዳር የተመሰጠረ ነው እያለ ቁልፉን ግን ራሱ ይይዝ ነበር በሚል ክስ ነው።

ተረት፦ «ዙምና ቲምስ እያሉ ማኔጅድ ሰርቪስ ያለፈበት ነው»

ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የስልክ ኩባንያዎች አይኤስዲኤን በተባለ ዲጂታል የስልክ መስመር ላይ የሸጡት ዓይነት አገልግሎት ዛሬ ገበያ የለውም። አቅራቢዎቹ ግን ቦታ ቀየሩ እንጂ አልጠፉም፤ አሁን የሚሸጡት ከቅርንጫፍ እስከ ቲምስ ወይም ዙም ሰርቨር ያለውን አጭር መንገድ፣ የክፍሎቹን ጥገና፣ የድሮና የአዲስ ዕቃዎችን ማገናኘት ነው። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በቪዲዮ እንደተሰበሰቡት ያለ፣ ከብዙ አገር በአንድ ሰዓት የሚገቡበትና ሊደገም የማይችል ስብሰባ ያለው ተቋም ለዚህ ቢከፍል ያስኬዳል።

አሥር ሠራተኛ ያለው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ዋሽንግተን ካለ አጋሩ ጋር የሚያወራ ቢሮ ግን ሻጭ ሲመጣበት ሻይ ጋብዞ ቢሸኘው አልነቅፈውም። ይህ ቢሮ መጀመሪያ ላፕቶፑን ከዋይፋይ አውጥቶ በኬብል ራውተሩ ላይ ይሰካ፣ የስብሰባው ሰዓት ላይ ባክአፕ እንዳይነሳ ያድርግ፣ ድምፅ የሚደጋግመውን የላፕቶፕ ስፒከር በጆሮ ማዳመጫ ይተካ። ከዚያ በኋላም ከተቆራረጠ፣ የተቆራረጠበትን ቀንና ሰዓት መዝግቦ ለኢንተርኔት አቅራቢው ይላክ፤ «ኔትወርክ የለም» ከሚለው ስሞታ ይልቅ «ማክሰኞ ከ4:10 እስከ 4:25» የሚለውን መመርመር ይቀላል።