ጠያቂ የተከለከለች በሽተኛ
በዮርክ ከተማ የወዳጆች ማኅበር ስለ ሠራው የምሕረት ሥራ

በሽተኛን መጠየቅ ከጐረቤት ግዴታዎች ሁሉ ከፍ ያለ መሆኑን ከአንባቢዎቻችን የማያውቅ የለም። መድኃኒት ያላገኘ ሕመምተኛ እንኳ የወገኖቹን ድምፅ ሲሰማ ይበረታል፤ ደጁ የተዘጋበትና ጠያቂ ያጣ ግን ሕመሙ እጥፍ ይሆንበታል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ልናቀርበው ያሰብነው ታሪክ ይህንኑ ነገር የሚመለከት ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ምእመናን አንዲት በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው በር ተዘጋባቸው፤ እነርሱም ከዚያ ሐዘን ተነሥተው ለአእምሮ ሕሙማን ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ቤት አቆሙ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እነዚህ ምእመናን ራሳቸውን የወዳጆች ማኅበር ብለው ይጠራሉ፤ ሌላው ሰው ግን ኵዌከር ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም ተንቀጥቃጭ ማለት ነው። ማኅበሩ የተነሣው በ17ኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ ላይ ጆርጅ ፎክስ በተባለው እንግሊዛዊ ሰባኪ ትምህርት ነው። በእንግሊዝ አገር ያሉት ወዳጆች በጸሎት ቤታቸው ቄስ የላቸውም፤ ሁሉም በዝምታ ተቀምጠው እግዚአብሔርን ይጠባበቃሉ፤ ቃል የመጣለት ሰው፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፣ ተነሥቶ ጥቂት ይናገርና መልሶ ይቀመጣል። መሐላ አንምልም፣ ጦር መሣሪያም አናነሣም በማለታቸው በመጀመሪያው ዘመን ብዙዎቹ ታስረው ነበር። ስለዚህ የማኅበሩ የመጀመሪያ ምጽዋት ወኅኒ ቤት እየሄዱ የታሰሩትን ወንድሞች መጠየቅና በቤት የቀሩትን ሚስቶችና ልጆች መመገብ ሆነ። መከራው ካለፈ በኋላም ይህ ልማድ አልጠፋም።

የእያንዳንዱ ጉባኤ አሠራር ለማንኛውም ማኅበር ትምህርት የሚሆን ነው። የማኅበሩን ጉዳይ ለመመልከት በተወሰነ ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ በዚያም ችግረኛው ማን እንደ ሆነ፣ የታመመው ማን እንደ ሆነ፣ አባት የሞተበትን ልጅ ማን እንደሚያሳድገውና ሥራ እንደሚያስተምረው ይነጋገራሉ። ነገሩን የሚቈርጡት ድምፅ በመቍጠር አይደለም፤ ጸሐፊው ሁሉን ከሰማ በኋላ የጉባኤው አሳብ ወዴት እንዳዘነበለ አይቶ ይጽፋል፤ የተጻፈውንም በዚያው በጉባኤው ፊት ያነበዋል። ሰው ካልተስማማ ነገሩ ለሌላ ቀን ይቈያል። በዚያ ዘመን ሴቶችም ለብቻቸው ጉባኤ ነበራቸው፤ ይልቁንም የድኾችንና የሕሙማንን ነገር የሚከታተሉ እነርሱ ነበሩ። አንድ ሰው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የተነሣበት ጉባኤ ለደረሰበት ጉባኤ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር፤ እንደዚህም ስለ ሆነ በእንግዳ አገር ያለ ወዳጅ ፈጽሞ ባይተዋር አይሆንም ነበር።

በ1790 ዓመት በጸደይ ወራት ከሊድስ ከተማ የመጣች ሐና ሚልስ የምትባል አንዲት መበለት አእምሮዋ ታውኮ በዮርክ በነበረው የእብዶች ቤት ገባች። ዘመዶችዋ ሩቅ ነበሩና በዮርክ ያሉት ወዳጆች እንዲጠይቁአት አደራ ሰጡ። እነርሱም አደራቸውን ለመፈጸም ወደዚያ ቤት ቢሄዱ፣ በሽተኛይቱ ለሰው በምትታይበት ሁኔታ አይደለችም ተብሎ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሐና ሚልስ በዚያው ሞተች። እንዴት እንደ ተያዘች፣ ምን እንደ ጐደለባት፣ በመጨረሻው ሰዓትዋ ማንን እንደ ጠራች ከወገኖችዋ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ዘመን እብድ የተባለ ሰው እንደ አውሬ እንጂ እንደ ሰው አይቈጠርም ነበር። ብዙዎቹ በሰንሰለት ታስረው በገለባ ላይ ይተኙ ነበር፤ ሐኪሞችም ደም በማውጣትና የሚያስመልስ መድኃኒት በማጠጣት ሰውነታቸውን ያደክሙት ነበር። ባለጠጋውም ድኻውም የታመመ ወገኑን እንደ ነውር ቈጥሮ ይሰውር ነበር። ስለዚህ የሐና ሚልስ ሞት ብቻውን እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የሆነው ነገር ጉባኤዋ ጕዳዩን በዝምታ ለማሳለፍ አለመፍቀዱ ነው።

በዮርክ ጉባኤ ውስጥ ዊልያም ቲዩክ የሚባል የሻይ ነጋዴ ነበረ። ሚስቱ ኤስተር በ1785 በዚያው ከተማ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋመች ብርቱ ሴት ነበረች። በቤተ ሰቡ ዘንድ ሲነገር እንደ ኖረው፣ የሐና ሚልስ ነገር በቤት ሲወሳ ልጁ አና፣ ለወገኖቻችን የራሳችን የሆነ ቤት ስለ ምን አይኖረንም ስትል አባትዋን ጠየቀችው። አባትዮውም ነገሩን በልቡ አኖረው፤ በ1792 ዓመት ከአካባቢው ጉባኤዎች ሁሉ የተላኩ ሰዎች በሚገኙበት በሦስት ወሩ ጉባኤ ላይ አሳቡን አቀረበ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 60 ዓመት ነበር።

ምክሩን ሁሉም ወዲያው አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ በሽተኛ በመካከላችን ጥቂት ነው ያሉ ነበሩ፤ ወጪው ከአቅማችን በላይ ነው ያሉም ነበሩ። ቲዩክ ግን አልተቈጣም፣ ተስፋም አልቈረጠም፤ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየጻፈ፣ ሂሳቡን እያሳየ፣ ገንዘብ እየለመነ አራት ዓመት ያህል ደከመ። ከከተማው ውጭ በኮረብታ ላይ መሬት ተገዛና በ1796 ዓመት ለ30 ሰው ያህል የሚበቃ ቤት ተከፈተ። ሀብታሙ ብዙ፣ ድኻው ጥቂት እንዲከፍል ተወሰነ። ለቤቱም የእብዶች ቤት የሚል ስም እንዳይሰጠው የቲዩክ ወንድ ልጅ ሚስት አሳሰበች፤ በእንግሊዝኛ ሪትሪት ተባለ፤ ይህም ጸጥ ያለ መጠለያ እንደ ማለት ነው። በሽተኛውን በስሙ እንኳ እንዳያሳፍሩት መጠንቀቃቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በዚህ ቤት ውስጥ ሰንሰለት አልነበረም። መስኮቶቹ ብረት ቢሆኑም ብረቱ እንደ እንጨት ሆኖ ስለ ተሠራ ወኅኒ ቤት አይመስልም ነበር። የቤቱ ሐኪም ቶማስ ፋውለር የተለመዱትን መድኃኒቶች በየተራ ፈትኖ ብዙ ጥቅም እንዳልሰጡ አየ፤ ሙቅ ውሃ መታጠብ ግን ለኀዘንተኞቹ በጀ። እንቅልፍ ላጣውም በሽተኛ ከሚያደነዝዝ መድኃኒት ይልቅ ጠገብ ያለ እራት እንደሚሻል ተገነዘቡ። ወንዶቹ አትክልት ይኰተኵታሉ፤ ሴቶቹ ይሰፋሉ፣ የቤት ሥራ ያግዛሉ። በግቢው ውስጥ ጥንቸሎችና ዶሮዎች ይጠበቁ ነበር፤ ስለ ራሱ ብቻ እያሰበ የሚጨነቅ ሰው ከእርሱ ለሚያንስ ፍጥረት ሲያስብ ልቡ እንደሚረጋ ስላወቁ ነው።

ጆርጅ ጄፕሰን የተባለ ሰውና ካትሪን አለን የተባለች ሴት ቤቱን ያስተዳድሩ ነበር፤ እነርሱም ኋላ በ1806 ተጋብተዋል። የሴቶቹ ጠባቂ በየጊዜው ሕሙማኑን ሻይ ትጋብዛቸው ነበር። የተጋበዙትም ከሁሉ የሚሻለውን ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንደ ማንኛውም የተከበረ እንግዳ በጨዋነት ተቀምጠው፣ አንዱ ከአንዱ በትሕትና ለመብለጥ ይጥሩ ነበር። የተሻላቸው ደግሞ ከከተማው ወዳጆች ጋር በጸሎት ጉባኤ ይቀመጡ ነበር። የዮርክ ጉባኤ ሰዎችም በየጊዜው እየመጡ ቤቱን ይመለከቱ ነበር፤ በሩ የተከፈተው ለዚህ ነበርና።

የዊልያም ልጅ ልጅ ሳሙኤል ቲዩክ በ1813 ባሳተመው መጽሐፍ ካሰፈራቸው ታሪኮች አንዱን እንጥቀስ። ዕድሜው 34 ዓመት የሆነ፣ ሰውነቱ እጅግ ግዙፍ፣ ጕልበቱም የሚያስፈራ አንድ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ወደዚያ ቤት መጣ። ቀድሞ በነበረበት ስፍራ እጅግ ይፈራ ስለ ነበር ልብሱ እንኳ እጁ ሳይፈታ እንዲወልቅ ሆኖ ተሰፍቶ ነበር። እደጅ እንደ ደረሰ ሰንሰለቱ ተፈታለት፤ የቤቱ ሹሞች እራት ወደሚበሉበት ክፍል ተወስዶም ከእነርሱ ጋር ተቀመጠ። ራሱን ከገዛ ማንም እንደማያስረው ነገሩት። ሰውየው ደስ አለው፤ ራሱንም ለመግዛት ቃል ገባ። አንዳንድ ጊዜ ቍጣው ቢነሣበትም ጠባቂው ብቻውን አጠገቡ እየተቀመጠ በለዘበ ቃል ያናግረው ነበር። ከአራት ወር በኋላም ድኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚህ በላይ የተባለውን ስንጽፍ ነገሩን አሳምረን ልናቀርብ አንሻም። በዚያ ቤት የገባ ሁሉ አልዳነም። ሌላ መፍትሔ ሲጠፋም፣ በጥቂቱ ቢሆንም፣ በማሰሪያ መያዝ ነበረ። በዘመናችን የተነሡ ሊቃውንትም፣ ቤቱ በሽተኛውን እንደ ልጅ አድርጎ ቈጥሮታል፣ ሰንሰለቱን ከእጁ ፈትቶ በኅሊናው ላይ አስሮታል ሲሉ ነቅፈዋል። ነቀፌታው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ዳሩ ግን በሰንሰለት የታሰረው ሰው ራሱ ከሁለቱ የቱን ይመርጥ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ሥራው በዮርክ ብቻ አልቀረም። የሳሙኤል መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ሐና ሚልስ የሞተችበት የእብዶች ቤት ሁኔታ በከተማው መነጋገሪያ ሆነ። ጎድፍሬይ ሂጊንስ የተባለ ዳኛ ወደዚያ ገብቶ ሲመረምር ከጐብኚ ተሰውረው የነበሩ እጅግ የቈሸሹ ክፍሎችን አገኘ። በ1815 የእንግሊዝ ፓርላማ የእብዶች ቤቶችን የሚመረምር ጉባኤ አቆመ፤ በ1845 ደግሞ እያንዳንዱ አውራጃ ለአእምሮ ሕሙማን ቤት እንዲያቆም የሚያዝ ሕግ ወጣ። በአሜሪካም የፊላደልፊያ ወዳጆች የዮርክን ምሳሌ ተከትለው በ1817 እንዲሁ ያለ ቤት ከፈቱ። ዊልያም ቲዩክ በ1822 በ90 ዓመቱ ሲሞት ከአንዲት መበለት ሐዘን የተነሣው አሳብ ባሕር ተሻግሮ ነበር።

የወዳጆች ማኅበር በኋለኛው ዘመንም ከዚህ ልማዱ አልራቀም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦር አናነሣም ያሉ ወጣቶች በአምቡላንስ ጓድ ተሰልፈው ቍስለኞችንና በሽተኞችን ሲረዱ፣ ከእነርሱ አንዱ ክፍል በ1942 ወደ አገራችን መጥቶ በሕክምና ሥራ አገልግሏል። በ1947 ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወዳጆች የርዳታ ድርጅቶች የኖቤልን የሰላም ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። በዮርክ የተሠራው ያ ቤት ከ220 ዓመታት በላይ ሕሙማንን ሲያስተኛ ኖሮ በ2018 መጨረሻ ላይ ይህን አገልግሎቱን አቁሟል። የዮርክ ወዳጆች ግን ዛሬም በከተማው መካከል ፍራያርጌት በሚባለው ስፍራ በዝምታ ይጸልያሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ቅርብ ሆኖ እናገኘዋለን። የዮርክ ወዳጆች ቍጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ሹመትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ነገር፣ ከመካከላችን የጐደለው ማን ነው ብለው የመጠየቅ ልማድና የጠየቁትን በጽሑፍና በሂሳብ አድርገው እስከ ፍጻሜው የመከታተል ትዕግሥት ነው። እንባ ብቻውን ቤት አይሠራም፤ ገንዘብም ብቻውን በሽተኛን አያጽናናም።

ይልቁንም የአእምሮ ሕመም የደረሰበትን ወገን በጓዳ መሰወር ነውርን የሸፈነ ይመስላል እንጂ በሽተኛውን ከነሕይወቱ እንደ መቅበር ነው። በእንግዳ ፊት ለመቅረብ ባይችል እንኳ የእናቱ ልጅ፣ ባልንጀራው፣ ማኅበርተኛው ሊያየው ይገባል። ለሐና ሚልስ ይህ አልሆነላትም። ከእርስዋ በኋላ የመጡት ግን በእርስዋ ምክንያት ደጁን ክፍት ሆኖ አገኙት።