ጎርፉ የሚወሰነው በየካቲት ነው

ይህን ከእኔ ሰማን እንዳትሉ። ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ ዕቅድና በጀት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያረጀ ሰው የክረምት ጎርፍ ዜና ሲሰማ ወደ ሰማይ አያይም። የሚያስበው የካቲትን ነው። «ያ የውሃ ማፋሰሻ ያኔ ተሰርዞ ነበር» ይላል በሆዱ። ጮክ ብሎ ቢናገረው ደግሞ ማንንም አያስደስትም፤ ስለዚህ ሻዩን ጠጥቶ ዝም ይላል። እኔ ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልናገረው።

የመንግሥት ገንዘብና የክረምት ውሃ አንድ ቀን መቁጠሪያ አይጠቀሙም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የፌዴራሉ በጀት በሰኔ መጨረሻ ግድም ይጸድቃል፣ ክልሎች ይከተላሉ። ወረዳው የደረሰውን ጥቅል ድጎማ አውቆ፣ ለየጽሕፈት ቤቱ ደልድሎ፣ ምክር ቤት ጠርቶ እስኪያጸድቅ ሐምሌ ይጋመሳል፤ አንዳንዴም ያልቃል። የድሮው ሂሳብ ተዘግቷል፣ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። ወንዝ የሚሞላውና ገደል የሚናደው እዚያ መሃል ነው።

«ለአደጋማ መጠባበቂያ አለን» ይሏችኋል። አለ፣ አልዋሹም። የመጠባበቂያ በጀት የሌለው ወረዳ አላውቅም። ነገር ግን ያ ገንዘብ ዕድሜው እስከ ሰኔ 30 ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይ ያልተነካ መጠባበቂያ ካለ፣ የፋይናንስ ኃላፊው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰልፍ ይያዛል። ወጪ ያልሆነ ብር ለሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ መቀነሻ ምክንያት እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። በሐምሌ ሊመጣ ለሚችል ጎርፍ ብሎ በግንቦት ብር የሚያስቀምጥ ኃላፊ ለሌላ ሰው በጀት እንደቆጠበ ይቆጠራል።

መጠባበቂያው እስከ ግንቦት የሚደርሰውም ከቆየ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጠሩት ብዙ ናቸው፦ ዞን ያዘዘው የስፖርት ውድድር መዋጮ፣ ሳይታሰብ የመጣ እንግዳ መስተንግዶ፣ ጋራዥ የገባችው የአስተዳዳሪው መኪና፣ በዕቅድ ያልተያዘ ሥልጠና ውሎ አበል፣ በበዓል ሰሞን የሚሰቀለው ባነር። አንዳንዱ ባነር ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተጽፎበት አይቻለሁ። ሂሳቡ የተወራረደው ከዚያው ከመጠባበቂያ ነበር።

አሁን ወደ የካቲት ልውሰዳችሁ። የበጀት ጥሪው ወጥቷል፣ ጣሪያው ተነግሯል፣ ጽሕፈት ቤቶች ጥያቄያቸውን ይዘው መጥተዋል። ከጥቅል ድጎማው አብዛኛውን ደመወዝ ይወስደዋል። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው መከፈል አለበት፤ እሱ ላይ ድርድር የለም። የቀረው ሥራ ማስኬጃና ካፒታል ነው፤ ሥራ ማስኬጃው ደግሞ ነዳጅ፣ አበልና ወረቀት ነው። ክርክሩ ሁሉ በዚች ትርፍ ላይ ነው። እዚህ ጋ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያው፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ትንሹ ሰው፣ እጁን ያወጣል።

«ክቡር አስተዳዳሪ፣ የእነዚያ የሁለቱ ቀበሌዎች ጉዳይ አሳሳቢ ነው። አምና ክረምት መሬቱ ተሰንጥቋል። ውሃ ማፋሰሻ ቦይ ካልተቆፈረ፣ ሰዎቹም ቀድመው ካልተነሱ…»

«ወንድሜ፣ አሳሳቢነቱን ማን ካደ? ግን ትምህርት ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፤ ይኸው ወላጆች በየቀኑ ይመጣሉ። የአንተን መጠባበቂያው ይችለዋል።»

«መጠባበቂያው ይችለዋል» የሚባለው ዓረፍተ ነገር ስንት ቦይ እንደቀበረ እኔ ነኝ የማውቀው። አስተዳዳሪው ክፉ ሰው ሆኖም አይደለም። የትምህርት ቤቱ ወላጆች በር ላይ ቆመዋል፤ ያልተናደው ገደል በር ላይ መጥቶ አያውቅም። አስተዳዳሪው ሪፖርት ሲያቀርብ «ይህን ያህል መማሪያ ክፍል ሠራን» ይላል፣ ይጨበጨብለታል። «ይህን ያህል ሰው ሳይሞት ቀረ» የሚል ዓምድ ግን የሪፖርት ቅጹ ላይ የለም።

ትንበያውም አይረዳንም። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በዓመት ሦስቴ፣ ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት፣ የወቅት ትንበያ ያወጣል። የክረምቱ የሚነገረው በልግ ሊያልቅ ሲል፣ በግንቦት ግድም ነው። ያኔ የበጀት ጥያቄያችን ተጠርዞ ከሄደ ሰንብቷል። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ካለ የምንችለው ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው። «አስፈላጊው ጥንቃቄ እንዲደረግ» ብለን ለቀበሌዎች እንጽፋለን፤ ግልባጭ ለዞን፣ ግልባጭ ለፖሊስ። ደብዳቤው ላይ ብር የሚል ቃል አይገኝም።

አደጋው ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በየካቲት ያልተገኘው ገንዘብ በነሐሴ ከዞን፣ ከክልል፣ ከረድኤት ድርጅት ይመጣል። ስለዚህ በውስጥ የሚነገር አንድ ስሌት አለ፦ ከራስህ ጣሪያ ቆርጠህ ብትዘጋጅ ወጪው የአንተ ነው፤ ሳትዘጋጅ ብትጎዳ ግን «ከአቅም በላይ ሆኗል» የሚል ደብዳቤ ጽፈህ የሌላ ሰው ገንዘብ ታገኛለህ። የተጎጂ ቁጥር ላይ የሚደረገውን ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጽፈውም። ወረዳ ቆርጠው እንደሚሰጡት ስለሚያውቅ ጨምሮ ይጠይቃል፤ ክልል ተጨምሮ እንደተጠየቀ ስለሚያውቅ ይቆርጣል። ልክ ቁጥሩን የጻፈው ቅን ሰው ግማሽ እርዳታ ይዞ ይመለሳል።

የቀን መቁጠሪያውን ነገር ለማመን ሁለት ቀኖች ይበቃሉ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ከባድ ማሽን በወቅቱ ሊደርስ አልቻለም፣ ሕዝቡ በአካፋና በእጁ ቆፈረ። አዲሱ የበጀት ዓመት ከተከፈተ ገና አስራ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ስለዚያ ወረዳ መፍረድ አልችልም፤ የትኛውም ወረዳ በዚያ ቀን የሚገኝበትን ሁኔታ ግን አውቃለሁ። ከናዳ በኋላ ሰው ወደ ቦታው እንዴት እንደሚጠጋ፣ ማን ዳር ቆሞ ተራራውን እንደሚያይ የሚያስተምር ልምምድ የሚጠይቀው የጥቂት ቀን አበል ነው። የትኛው የበጀት ርዕስ ሥር ይገባል ብትሉኝ ግን መልሱ «መጠባበቂያው ይችለዋል» ነው።

ሁለተኛው ቀን ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። በሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን መታ፤ ከ200 በላይ ነዋሪዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ የሚታየው ነው። የማይታየው የበጀት እንቆቅልሹ ነው፦ ውሃው የሚሰበሰበው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ነው፣ ከእነሱም ከፊሉ በሌላ አስተዳደር ሥር ነው። የታች ከተማ የላይኛውን ተራራ ዛፍ ለመትከል የራሱን በጀት አሻግሮ ማውጣት አይችልም። የላይኛው ወረዳ ደግሞ እርከኑን ቢሠራ የሚድነው የሌላ ሰው ከተማ ነው። ገንዘብ የአስተዳደር ወሰን ላይ ይቆማል፣ ጎርፍ አይቆምም።

ፖሊሲ የለም እንዳትሉ። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ አደጋ ሲደርስ ከመሮጥ ወደ ቅድሚያ መከላከል እንሸጋገር ብሎ በግልጽ አስቀምጧል። ለየአደጋው መሪ መሥሪያ ቤትም ሰጥቷል፤ ጎርፍ ለውሃ፣ ወረርሽኝ ለጤና፣ የሰብል ተባይ ለግብርና። ብዙ መቶ ወረዳዎች የአደጋ ስጋት መገለጫ ተጠንቶላቸዋል። ጥናቱ የት እንዳለ ከጠየቃችሁኝ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ባለ ቀለም ካርታ ሁሉ አለው። የበጀት ጥያቄ ስንሞላ ግን ከመደርደሪያው የሚያወርደው የለም። የበጀት ቅጹ የአምናውን ወጪ ይጠይቃል እንጂ የከርሞውን ስጋት አይጠይቅም።

ገንዘብን ከአደጋው ቀድሞ ማስቀመጥ አይቻልም የሚለኝን ሰው ለምግብ እጥረት የተጋለጡ የገጠር ቤተሰቦችን የሚደግፈውን ሴፍትኔት አስታውሰዋለሁ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በአንድ ወቅት ከበጀቱ 20 በመቶውን ለድንገተኛ ችግር ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ 5 በመቶው ወረዳ እጅ፣ 15 በመቶው ክልል እጅ። ጉድለት አልነበረውም አልልም። ነገር ግን በስም የተለየ፣ ለስፖርት ውድድር የማይነካ፣ ማን እንደሚያዝበት የታወቀ ገንዘብ ነበር። የኛ መጠባበቂያ የጎደለው ይኼ ነው።

አሁን ዋናውን ምስጢር ልንገራችሁ። ብልጥ ወረዳዎች ዝግጁነትን «አደጋ» በሚል ርዕስ አይጠይቁም። እዚያ ከጠየቁ ይሰረዛል። መንገድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ «መደበኛ ጥገና» ብለው የቱቦ ጠረጋን በግንቦት ያስገባሉ። ጤና ውስጥ የኮሌራ መድኃኒትና ክሎሪን ከክረምት በፊት እንዲገዛ ያደርጋሉ። ግብርና ውስጥ የተፋሰስ ሥራውን ጋራው ሲታረስ አፈር ከሚወርድበት ቦታ ያስጀምራሉ፤ በሴፍትኔት የሕዝብ ሥራ ጉልበቱ አለና። ግዢውንም ያስባሉ፦ ጎርፍ መጥቶ ሦስት ፕሮፎርማ ከመሰብሰብ፣ ፕላስቲክ ሸራና ብርድ ልብስ የሚያቀርበውን ነጋዴ በበጋ በጨረታ መርጠው በዓመት ውል ያስሩታል። አንዳንዱ ደግሞ ብር እንኳ የማያወጣ ነው። በወረዳው መንገድ የሚሠራውን ተቋራጭ በጊዜ ጠርቶ፣ አደጋ ከመጣ ሎደሩንና ገልባጩን ማን እንደሚያዝ፣ ነዳጁን ማን እንደሚሞላ በደብዳቤ መስማማት። ይህን ያደረገ ወረዳ ሌሊት ስልክ ሲደወል የሚያውቀው ቁጥር ላይ ይደውላል።

ይህን ሁሉ ካወቃችሁ፣ የወረዳችሁ በጀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ማየት ያለባችሁን ታውቃላችሁ። «አደጋ» የሚለውን መስመር ፈልጋችሁ ትንሽ ብር ብታገኙ አትናደዱ። የመንገድ ጥገናው ስንት እንደሆነና በየትኛው ወር እንደተያዘ እዩ። ከዚያ በበጀት ውይይቱ ላይ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁ፦ አምና መጠባበቂያው ለምን ለምን ወጣ? ሐምሌ 1 ሂሳብ ሳይከፈት ጎርፍ ቢመጣ የመጀመሪያው ነዳጅ ከየት ይሞላል? የስጋት ጥናቱ ካርታ ላይ ቀይ ለተቀባው ቀበሌ ዘንድሮ የትኛው ሥራ ተያዘ?

መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ምናልባት ወደ እኔ ይዞር ይሆናል። እኔ ደግሞ መዝገብ እያገላበጥሁ እጠብቃችኋለሁ። ሕዝብ የጠየቀው መስመር ሲሰረዝ ምክንያቱን የሚጠይቅ ይኖራል፤ ምክንያት መስጠት ያለበት ኃላፊ ደግሞ ለመሰረዝ ያመነታል። ብቻ ጥያቄው በየካቲት ይምጣ። በነሐሴ ብትጠይቁ መልሱ እርዳታ ነው።