መምህሩ የሚበረታታው በመሣሪያ ነው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደራ ወረዳ ውስጥ የምትገኘው ሐሙሲት ስሟ ራሱ የሐሙስን ገበያ ያስታውሳል። በገበያ ቀን እህሉን፣ ሽንኩርቱንና ከብቱን ይዞ ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ከሚተመው ሰፊ ሕዝብ መካከል፣ ከአንድ የእጅ ስልክ በቀር ለሽያጭም ሆነ ለለውጥ የሚሆን ነገር ያልያዘ መንገደኛ አይጠፋም። ይኸውም የገጠሩ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። የሚገዛው ሳሙናና ስኳር ቢኖርም ከተማ የሚያመጣው ሌላም ጉዳይ አለው። ስልኩ የኢንተርኔት መስመር የሚያገኘው በከተማ ነውና፣ ለሚመጣው ሳምንት ትምህርት የሚሆነውን ጽሑፍና ሥዕል አውርዶ መመለስ አለበት።

ዛሬ ልንወያይበት የፈለግነው ስለዚህ መምህርና በእጁ ስላለው አነስተኛ መሣሪያ ነው።

እንደሚታወቀው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍቱ ቀድመው የደረሱት በኅትመት ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ነበር። መምህሩ በስልኩ መስተዋት ላይ ያለውን ገጽ በጣቱ እያሰፋ ያነባል፤ በጠመኔ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይገለብጣል፤ ተማሪው ደግሞ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው በግልበጣ ያልቃል። ለማስረዳትና ለመጠየቅ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። እንግዲህ ቅራኔው እዚህ ላይ ነው፤ የዘመኑ ዕውቀት በመምህሩ ኪስ ውስጥ ገብቶ ሳለ ተማሪው የሚያገኘው ግን የአያቱን ዘመን ግልበጣ ነው።

ይህንን ቅራኔ በምስጋና ቃላት መፍታት አይቻልም። በየበዓሉና በየስብሰባው መምህሩ በሻማ ሲመሰል እንሰማለን። አባባሉ ከቅን ልቦና የመነጨ ቢሆንም፣ ሻማ ለሌላው እያበራ ራሱ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን ተናጋሪዎቹ ያሰቡበት አይመስለንም። እኛ መምህሩ እንዲያልቅ አንሻም። ደመወዙ በወቅቱ እንዲደርሰው፣ ኑሮውን እንዲችል፣ ሥራውን የሚያቀልለት መሣሪያም እንዲኖረው እንሻለን። ሞራል ከነባራዊው ሁኔታ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም።

ታሪካችንም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ ዘማቹን ያቆመው መፈክሩ ብቻ አልነበረም። በእያንዳንዱ ቋንቋ የተዘጋጀ መማሪያ በእጁ ነበረ። ከዚያም አልፈን ወደ ጥንቱ ብንመለስ፣ በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት ሲፈልግ የኖረው የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የሰማውን በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፉንም ሲችል በብራና ይገለብጣል። ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ተራራ ሲሻገር የኖረበት አገር ነው። ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ የሚተላለፈው ፋይል፣ አክብሮታችን እንዳይጎድል እንጂ፣ የዚያው ልማድ የልጅ ልጅ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ለመሆኑ ሊወርድ የሚገባው ምንድን ነው? ለታናናሾቹ ክፍሎች ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጻፈ አጫጭር ንባብ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የንባብ ፈተና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። ይህን ስናይ በደቡብ አፍሪካ ተመሥርቶ በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ እንዲሁም የሕንዱ ፕራታም ቡክስ ያቋቋመው ስቶሪዊቨር በአማርኛ የተተረጎሙ ሥዕላዊ ተረቶችን በነፃ ማቅረባቸው ቀላል ነገር አይደለም። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ የተከፈተው ዓለም አቀፍ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም ከዚሁ ወገን ነው። የእነዚህ ሁሉ ፈቃድ ክፍት ስለሆነ መምህሩ ተረቱን ማተም፣ ማባዛት፣ የደራ ልጅ በሚያውቀው ቃል ማስተካከልም ይችላል። ከአገር ልጆች ሥራ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ በብሩክታዊት ጥጋቡ የተጀመረውና በጃፓን ሽልማት ያገኘው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለ። መምህሩ ከእርሱ የልጅ ቀልብ እንዴት እንደሚያዝ ብዙ ሊማርበት ይችላል።

ነገር ግን የወረደው ሁሉ አይጠቅምም። ስለ ንባብ ማስተማር በእንግሊዝኛ የተጻፈው መመሪያ በ26 ፊደላት ላይ የቆመ ነው፤ የአንዱ ፊደል ድምፅ ከቃል ቃል ሲለዋወጥ ልጁ እንዳይደናገር የተበጀ ዘዴ ነው። የእኛ ልጅ ችግር ሌላ ነው። 33ቱን ፊደላት በ7 ቤት አባዝቶ 231 ቅርጽ መለየት አለበት፤ ከለየ በኋላ ግን ፊደሉ እምብዛም አያታልለውም። ስለዚህ የባዕዱን ዘዴ እንዳለ የሚቀዳ መምህር ተማሪውን በሌለበት በሽታ ያክመዋል። በሒሳብና በሳይንስ ግን እንዲህ ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። የካን አካዳሚ ትምህርቶችና የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፌት የተባሉት የሳይንስ ማሳያዎች፣ ክፍልፋይን ወይም የኤሌክትሪክ ዑደትን መምህሩ ራሱ ቀድሞ አጥርቶ እንዲገባ ይረዱታል። ተማሪው ባያያቸው እንኳ መምህሩ ሌሊት አይቷቸው ቢያድር ጥቅሙ በጠዋቱ ክፍል ውስጥ ይታያል።

መስመሩ ሲቋረጥስ? ጥያቄው የመላምት አይደለም። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ሲፋፋም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በሰላም እጦት መካከል ስለ ኢንተርኔት ማውራት ለአንዳንዱ አንባቢ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ተቃራኒውን እናያለን፤ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌ ያለው ልጅ የሚያነበው አንድ ገጽ የሚደርሰው አስቀድሞ ወርዶ የተቀመጠ ከሆነ ብቻ ነው። ኮሊብሪ የተባለው ፕሮግራም አንድ ኮምፒዩተር ያለ ኢንተርኔት በዙሪያው ላሉ ስልኮች ትምህርት እንዲያድል ያደርጋል፤ ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን በሚሞሪ ካርድ ያስጉዛል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ስለሆነም ሥራው በግል መምህሩ ኪስና በግል የአየር ሰዓቱ ላይ መውደቅ የለበትም። በየወረዳው ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበዋል፤ ሱፐርቫይዘር አለ፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማለትም ተሙማ የሚሉት መርሐ ግብር አለ። ይህ መርሐ ግብር በብዙ ቦታ ቅጽ መሙላት ሆኖ መቅረቱን የማያውቅ መምህር የለም። ቅጹ ከሚሞላበት ሰዓት ግማሹ የወረደውን ለመምረጥና ለመገምገም ቢውል ማን ይከፋል? የደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ለየክፍሉ የሚስማማውን መርጦ በአንድ ካርድ ቢያዘጋጅ፣ በጉና ሥር ላለውም ሆነ በጣና ዳር ላለው ትምህርት ቤት እኩል ይደርሳል።

ካርዱን ለማድረስ አዲስ መኪና አያስፈልግም። ሐሙስ ሐሙስ መምህሩ ገበያ ይወጣል። ጠዋት ባዶውን ካርድ ከማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ይሄዳል፤ ስኳሩንና ሳሙናውን ሸምቶ ሲመለስ ተገልብጦ ይጠብቀዋል።