መብራት እንደሌለ እያወቁ ማብሪያውን ለምን ይጫናሉ?

ማታ ነው፤ መብራት ከሄደ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ሻማ ይዘው ከሳሎን ወደ ጓዳ ይገባሉ። በሩን እንዳለፉ እጅዎ ግድግዳውን ዳበስ አድርጎ ማብሪያውን ቀጭ ያደርገዋል። መብራት እንደሌለ አልረሱም፤ ሻማው በሌላኛው እጅዎ እየነደደ ነው። ታዲያ ማን ጫነው?

የጫኑት እርስዎ ነዎት፤ ግን አስበውበት አልነበረም። በአንጎላችን ውስጥ፣ ከላይኛው ሽፋን በታች፣ ባሳል ጋንግሊያ የሚባል የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ። ደጋግመን የምናደርገውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠቅልሎ የሚይዘው በዋናነት ይህ ክፍል ነው። «በር፣ ጨለማ፣ እጅ ወደ ግራ፣ ቀጭ» የሚለውን ለዓመታት ስለደጋገሙት አሁን አንድ ወጥ ድርጊት ሆኗል። በሩና ጨለማው ብቻ ያስነሱታል። መብራት አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ የዚህ ክፍል ሥራ አይደለም።

በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሳይንቲስቷ የአን ግሬቢየል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው ጥናት ይህን በአይጦች ላይ አሳይቷል። አይጦቹ ቸኮሌት ለማግኘት የ«ቲ» ቅርጽ ባለው መተላለፊያ ይሮጣሉ። መንገዱን ገና ሲማሩ የዚህ የአንጎል ክፍል ብዙ ሕዋሳት መንገዱ መሃል ላይ፣ በተለይ መታጠፊያው ጋ ይሠሩ ነበር። ከለመዱት በኋላ ግን ሥራው መነሻውና መድረሻው ላይ ተሰበሰበ። መሃሉን ማሰብ ቀረ።

ይህን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት። እንጀራ እየጋገረች ከጎረቤቷ ጋር የምታወራ ሴትን ይመልከቱ። ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረች ታፈሳለች፤ ዓይን ሲያወጣ ትከድናለች፤ ጨዋታውም አይቋረጥም። መጀመሪያ ምጣድ ፊት የቆመች ዕለት ግን አንድ ቃል መተንፈስ አትችልም ነበር። ልማድ ባይኖር ጫማ ማሰርና ጥርስ መቦረሽ ብቻ ጠዋታችንን ይበሉት ነበር።

ቤትዎ ውስጥ ይሞክሩት። የስኳሩን ዕቃ ከተለመደው መደርደሪያ አንስተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ፤ ምስጢር አይደለም። ከዚያ ሻይ ሲፈላ ቁጭ ብለው እጆችን ይመልከቱ። ሁሉም አዲሱን ቦታ ያውቃል፤ እጁ ግን መጀመሪያ ወደ ድሮው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እጅ ብቻ አይደለም የሚለምደው። ሐሳብም ይለምዳል።

«አለቃ ይፈልግዎታል» ሲባሉ ገና ከወንበር ሳይነሡ «ምን አጠፋሁ?» የሚል ነገር ሽው ይላል። ጓደኛዎ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር «ንቃኝ ነው» ይመጣል። ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ሲከፍት ጥያቄውን ሳያነብ «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ይላል። ማንም ማስረጃ አልመዘነም፤ አንድ ነገር ታየ፣ የለመደው ሐሳብ ተከተለ።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በድባቴ የሚሠቃዩ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ይህንኑ አስተዋለ። ሰዎቹ ከሚናገሩት ጎን ለጎን ፈጣንና አጭር፣ ብዙውን ጊዜ ራሳቸውን የሚያወግዙ ሐሳቦች ብልጭ ይሉባቸው ነበር። እነዚህን ሐሳቦች እውነት ስለሚመስሏቸው አይመረምሯቸውም። ቤክ ሕክምናውን በዚያ ላይ መሠረተ፦ ሐሳቡን መያዝ፣ ከማስረጃ ጋር ማስተያየት፣ ሌላ ማብራሪያ መፈለግ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠው የኮግኒቲቭ ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው።

«ታዲያ መጥፎውን ሐሳብ አላስብም ብል አይበቃም?» ይሉ ይሆናል። አይበቃም፤ አሁኑኑ ይፈትኑት። ለአንድ ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አያስቡ። ስለ ምንም ነገር ያስቡ፣ ስለ ነጭ ድብ ብቻ አያስቡ።

መጣ አይደል? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ሙከራ ይኸው ነው። ተሳታፊዎቹ ድቡ በመጣባቸው ቁጥር ደወል እንዲደውሉ ተነገራቸው፤ ደወሉም ይጮህ ነበር። ይባስ ብሎ፣ አስቀድመው እንዳያስቡ የተከለከሉት ሰዎች በኋላ ሲፈቀድላቸው ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው አብልጠው ስለ ድቡ አሰቡ። ዌግነር እንዳስረዳው፣ አለማሰብዎን ለማረጋገጥ በየጊዜው «መጣ እንዴ?» ብለው መፈተሽ አለብዎት፤ መፈተሹ ራሱ ይጠራዋል። ስለዚህ የተከዘን ሰው «ክፉ ክፉውን አታስብ» ማለት፣ በቅን ልብ ቢባልም፣ ብዙ አይረዳም።

የሚረዳውን ከፈንድሻ እንማር። እ.ኤ.አ. በ2011 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ውድና ባልደረቦቻቸው ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ፈንድሻ አደሉ፤ ለአንዳንዱ ትኩስ፣ ለአንዳንዱ ሰባት ቀን የሰነበተ። ፊልም እያዩ ፈንድሻ መብላት የለመዱት ሰዎች የሰነበተውንም የትኩሱን ያህል በሉት፤ አልጣማቸውም፣ ግን በሉት። ልማዱ የሌላቸው ግን ከሰነበተው ብዙም አልበሉም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቦታው ከሲኒማ ቤት ወደ መሰብሰቢያ ክፍል ሲለወጥ ልማዱ ያላቸውም የሰነበተውን ቀነሱ። እዚያው ሲኒማ ቤት ውስጥ ሆነው በማይቀናቸው እጅ ብቻ እንዲበሉ ሲደረግም እንዲሁ ሆነ። ማንም አልመከራቸውም፣ ማንም ፈቃደ ኃይላቸውን አላጠነከረም። አስነሺው ነገር ሲጎድል ወይም አካሄዱ ሲደናቀፍ ምላስ ፍርዱን ሰጠ።

ለሐሳብም መንገዱ ይኸው ነው። መጀመሪያ አስነሺውን ያግኙ። ለሳምንት ያህል ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይያዙ፤ ስሜትዎ ድንገት ዝቅ ባለ ቁጥር የት እንደነበሩ፣ ምን እንደታየ ወይም እንደተሰማ፣ ምን ሐሳብ እንደመጣ በሦስት አጭር መስመር ይጻፉ። በማይቀና እጅ መብላት ልማዱን እንደሚያደናቅፍ፣ መጻፉም ሐሳቡን ያዘገየዋል። የሚያስተውሉት ነገር ይኖራል፦ ሐሳቦቹ ብዙ ቢመስሉም የሚመላለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚነሡትም በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ሰው ድምፅ ወይም በተወሰነ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚያ አስነሺውን ከአዲስ ነገር ጋር ያያይዙት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ቀላል አረፍተ ነገር አለ፦ «ይህ ከሆነ፣ ያንን አደርጋለሁ።» «ከእንግዲህ በጎ አስባለሁ» የሚል ሰፊ ቃል ኪዳን መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም። «ጓደኛዬ ስልክ ካላነሳች ሌሎች ሦስት ምክንያቶች እቆጥራለሁ» የሚለው ግን መነሻው ቁርጥ ያለ ነው። ምክንያቶቹም፦ ታክሲ ውስጥ ትሆናለች፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል፣ ልጅ እያስተኛች ይሆናል። ልጁም ደብተሩን ሲከፍት «የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እሠራለሁ» ይበል። የሚያጽናና ቃል ብቻ ፈልገው አይድከሙ፤ ሊሆን የሚችል እውነት ይፈልጉ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በየአነቃቂ ንግግሩ 21 ቀን ሲባል ሰምተዋል። ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ ይህን ያህል ቀን እንደሚወስድባቸው ታዝቦ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈው። ሌላው ሰው ነው ሕግ ያደረገው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ለ84 ቀን ተከታትለው አንድ አዲስ ድርጊት ልማድ ለመሆን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ገመቱ፤ የመካከለኛው ሰው 66 ቀን ነበር። እነሱ የለኩት እንደ ውኃ መጠጣት ያለውን ድርጊት ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ የሠለጠነ ሐሳብ ይፈጥናል ብዬ አልጠብቅም።

ደግሞ የድሮው ሐሳብ ፈጽሞ አይፋቅም። ግድግዳ አዲስ ቀለም ሲቀባ አሮጌው ከሥሩ እንዳለ ነው፤ ክረምት ገብቶ ርጥበት ሲያገኘው ብቅ ይላል። ደክሞዎት፣ ታመው ወይም ተጨንቀው ሳለ «ምን አጠፋሁ?» ተመልሶ ቢመጣ ሥራዎ ፈርሷል ማለት አይደለም። ሐሳቡ ከእንቅልፍና ከምግብ የሚከለክል፣ ከመኖር የሚያስመርር ከሆነ ግን ደብተር አይበቃውም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ባለሙያ ያማክሩ።

ለቀሪዎቻችን አንድ አስነሺ፣ አንድ አዲስ ምላሽ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ አይጀምሩ። አንድ ቀን ቢያልፍዎት በማግስቱ ይቀጥሉ፤ የለንደኖቹም ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መጽናት እንዳልጎዳው አሳይቷል።