ጠገራ ብር ውስጥ ያለው መዳብ

የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። የብር ማዕድኑ ግን 83.3 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም ጠገራው ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖረ። እኛም ዘንድ ተገበያይተንበታል፤ አንጥረኞችም እያቀለጡ መስቀልና አምባር ሠርተውበታል።

አንድ ስድስተኛው መዳብ ነው ሲባል ወተት ላይ ውኃ እንደተጨመረ የሚቆጥር አይጠፋም። እውነቱ ሌላ ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ነው። አተሞቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ ሲገፉ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ጌጡም ይጣመማል። የመዳብ አተም ከብር አተም ስለሚያንስ መሐል ሲገባ ረድፉን ያዛባዋል፤ መንሸራተቱም ይከብዳል። ወርቅ ቤት 18 ካራት የሚባለውም 75 በመቶው ብቻ ወርቅ የሆነ ቅይጥ ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከቀሪው ሩብ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ እሳት ላይ የሚሆነው ነው። ብር በ962 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ መዳብ በ1,085። 72 እጅ ብርና 28 እጅ መዳብ ሲቀየጡ ግን 780 ዲግሪ ገደማ ይበቃቸዋል። ሁለቱም ለየብቻ ጠጣር በሚሆኑበት ሙቀት ቅይጡ ይፈሳል ማለት ነው። ጠጣር ሳሉ አንዱ ሌላውን በብዛት አያስጠጋም፤ ሲቀልጡ ግን እንደልባቸው ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ ፈሳሽ መሆኑ ይቀናቸዋል። ጠገራውም በአንድ ጊዜ አይቀልጥም፦ 780 ላይ ከፊሉ ሲፈስ ሌላው እንደጠጠረ ይቆያል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ሁሉም ይሟሟል። እንዲህ ያለውን ጌጥ ለመበየድ ከእሱ ቀድሞ የሚቀልጥ ቅይጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ብርና መዳቡ ላይ ዚንክ ይጨመራል።

ከእሳት የወጣው ጌጥ ይጠቁራል፤ ላዩ ላይ ያለው መዳብ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዷልና። ሠሪው በአሲድ ሲያጥበው ጥቁሩ ይለቃል፣ ብሩ ይቀራል። ይህ ሲደጋገም የጌጡ ቆዳ ንጹሕ ብር ወደ መሆን ይጠጋል፤ ውስጡ ግን ያው ቅይጥ ነው። በመፈተኛ ድንጋይ የሚመረምር ባለሙያ መጀመሪያ የማይታይ ጠርዝ በሞረድ ፋቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው።